ኤሊ የጠበቃት ድንበር

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ የሚያዳምጥ ይቀመጥ፣ የቸኮለ ይሂድ።

ድሮ፣ አውሬ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ምንጭ ግራና ቀኝ ሁለት ባላንጣ መንደሮች ነበሩ። ከምንጩ ወዲህ ያለው አለቃ ጎሽ፣ ከምንጩ ወዲያ ያለው አለቃ ዝንጀሮ ነበር። በየዓመቱ በገና ቀን፣ ሩር የምትባለዋን የእንጨት ድቡልቡል በቆልማማ ዱላ እየመቱ ይጋጠማሉ። ሩርን ከባላንጣው ድንበር ያሳለፈ መንደር በጋውን ሙሉ ቀድሞ ይጠጣል።

በጎሽ መንደር ኤሊ ይኖር ነበር። አንገቱ አጭር ነውና፣ ምንጩ ዳር ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ካልወጣ ውሃው አይደርሰውም። ድንጋይዋ የአባቱ ነበረች። የጎሽ አበልጅ ከርከሮ ግን ሊተኛባት ፈልጎ ቀማው። ኤሊም ጤዛ እየላሰ ሦስት ዓመት ኖረ።

በእነዚያ ሦስት ዓመታት መንደሩ ሦስቴ ተሸነፈ። በአራተኛው ጎሽ ሁሉንም ሰብስቦ፣ “ድንበራችንን የሚጠብቅ ማነው? አንድም ያላሳለፈ የፈለገውን ይጠይቀኝ” አለ።

“እኔ” አለ ኤሊ።

ከርከሮ ሳቀ። “አንተ በየትኛው እግርህ ትሮጣለህ?”

“ድንበር አይሮጥም፤ እኔም አልሮጥም።”

ገና ደረሰ። ዝንጀሮ ዱላውን አነሳ። “አያ ኤሊ፣ ዘወር በል፤ ድስት መስለኸኝ እንዳልሰብርህ” አለና መታ። ሩር ከኤሊ ጀርባ ላይ ጓ አለች፤ አላለፈችም። ጀርባው ተሰነጠቀ።

“አላመመህም?” አለችው ሩር።

“አሞኛል።”

ዝንጀሮ ደግሞ መጣ። “አያ ኤሊ፣ ለማን ብለህ ነው? ጤዛ ለሚያስልስህ?” አለና መታ። ጓ አለች፤ አላለፈችም። ጀርባው ተሰነጠቀ።

“አሁንስ?” አለች ሩር።

“አሁን ባሰብኝ።”

“ምቱ ነው ወይስ የተናገረህ ነገር?”

“ነገሩ።”

በሦስተኛው ዝንጀሮ ምንም አላለም። ባለ በሌለ ኃይሉ መታ። ጓ አለች፤ ነጥራ ሄዳ ከዝንጀሮ ድንበር አጠገብ ከሚያንቀላፋው ከርከሮ እግር ሥር ወደቀች። ከርከሮ ደንግጦ ሲነሳ ገፋት፤ አለፈች። ጎሽ አንድ፣ ዝንጀሮ ባዶ።

መንደሩ ከርከሮን ተሸክሞ ጨፈረ።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ በዚያ ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ አለቃውን ያሻውን መናገር ይፈቀዳል። ጥንቸል የጎሽን ቀንድ ሰደበች፣ ሚዳቋ ሆዱን ሰደበች፤ ጎሽ ሳቀ። ኤሊ ዝም አለ።

“ተናገር እንጂ፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው” አለችው ሩር።

“ስንጥቄ ይናገርልኛል። ጌታዬም ቃል ሰጥቶኛል።”

በማግሥቱ ማልዶ ሄደ። “ጌታዬ፣ ድንጋዬን።”

“ያገባው ከርከሮ ነው” አለ ጎሽ። “አንተ ያገባኸው የታል?”

“ያልገቡት ሦስቱ የእኔ ናቸው፣ ጌታዬ።”

“ያልገባ ይቆጠራል እንዴ? ይህንኑ ትናንት ብትለኝ እስቅልህ ነበር፤ ዛሬ ግን ድፍረት ነው። ውጣልኝ።”

ኤሊ ወጣ። ምንጩ ዳር ዝንጀሮ ክንዱን እያሸ ተቀምጦ ነበር።

“አያ ኤሊ፣ ሦስቴ መታሁ፤ ሦስቱንም ቆጥሬያለሁ” አለው። “በእኛም በኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ና፣ ጠጣ።”

ኤሊ ዞሮ የአባቱን ድንጋይ አየ። ከርከሮ ተኝቶባታል። ቀስ ብሎ ተሻገረ፤ ጠጣ።

በዓመቱ ገና ደረሰ። የጎሽ መንደር ከጧት እስከ ማታ መታ፤ አንዲትም አላለፈች። ዝንጀሮ ግን የሚመልስበት ስላልነበረ አንዴ አሳለፈ፤ ዝንጀሮ አንድ፣ ጎሽ ባዶ። ጎሽ እያለከለከ፣ “ይህን ሁሉ የመለሰው ማነው?” አለ።

ሩር ከእግሩ ሥር ሆና፣ “አምና ያልቆጠርከው” አለችው።

የኤሊ ጀርባ እስከ ዛሬ መስመር መስመር ነው። ያልገባን ሩር የሚቆጥረው የመታው ነው።

ተረቴን ጨርሻለሁ፤ የእኔን ዳቦ ለኤሊ ስጡልኝ።