የስልሳ አራት ብር ጎማ

ቁጠሩልኝ፤ ጆተኒው አርባ ሺህ ብር፣ የጎደለው ጎማ ስልሳ አራት ብር። አርባ ሺው የደብሪቱ የእቁብ ዕጣ ነበር። ደብሪቱ አዳማ፣ ደጃፏ ላይ ጆተኒውን አቁማ በጨዋታ አምስት ብር እየተቀበለች ልትኖር ነው። ግን ስምንቱ ዘንጎች ጫፋቸው ላይ ጎማ የላቸውም። አንዱ ሲገፋ ዘንጉ ማዶ ወጥቶ የሌላውን ሆድ ይወጋል። ተጫዋቾቹ ሆዳቸውን እያሹ ጎረቤት ወዳለው ጆተኒ ሄዱ።

ደብሪቱ ጆተኒውን አስጭና ወደ ተሠራበት ቤት ሄደች። "ጎማ ብቻ ግጠሙልኝ" አለች።

"እትዬ፣ ጎማውስ አለ" አለ ገጣጣሚው። "ዘንጉ የተሠራበት ቧንቧ ቀጭን ነው፤ ጎማው ይወልቃል። በያጁን ይጠይቁት።"

"እኔ ወፍራም ቧንቧ ጠልቼ ነው?" አለ በያጁ። "አናጢው የበሳው ቀዳዳ አያሳልፍም።"

ጎማው አይቆምም፣ ቧንቧው ቀጭን ነው፤ ቧንቧው አይወፍርም፣ ቀዳዳው ጠባብ ነው።

"ቀዳዳውን ባሰፋው ሳንቃው ይሰነጠቃል" አለ አናጢው። "እንደ ብስኩት የሳሳ ሳንቃ ነው የሰጡኝ። የሳንቃውን ገንዘብ ጆተኒው ላይ የተገጠመው መብራት በላው።"

ጎማው አይቆምም፣ ቧንቧው ቀጭን ነው፤ ቧንቧው አይወፍርም፣ ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ቀዳዳው አይሰፋም፣ ሳንቃው ስስ ነው።

"ዙሪያውን ቀይና አረንጓዴ አብርቼልዎት ደግሞ ይወቅሱኛል?" አለ መብራት ሠሪው። "የሚያበራ ጆተኒ ስድስት ሺህ ይጨምራል ያለው የሥራ ቤቱ ባለቤት መሸሻ ነው።"

ጎማው አይቆምም፣ ቧንቧው ቀጭን ነው፤ ቧንቧው አይወፍርም፣ ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ቀዳዳው አይሰፋም፣ ሳንቃው ስስ ነው፤ ሳንቃው አይወፍርም፣ መብራቱ ገንዘቡን በልቷል።

መሸሻ አልተቆጣም። "እህቴ፣ ገዢ መብራት አይቶ ነው የሚገዛው። ጎማ አይቶ የገዛ አልገጠመኝም። አንቺስ?"

ደብሪቱ አቀረቀረች። ለሽያጭ ከቀረቡላት ሦስት ጆተኒዎች የሚያበራውን የመረጠች ራሷ ናት።

"ልክ ነህ" አለች። "አንተስ ተጫውተህበት ታውቃለህ?"

"እኔ እሸጣለሁ እንጂ አልጫወትም።"

"እንግዲያው ና፣ ወዲያ ማዶ ቁም።"

ቆመ። ደብሪቱ ዘንጉን ገፋችው። ዘንጉ እምብርቱ ላይ ገባ።

መሸሻ ሆዱን ይዞ ጎንበስ አለ። ከሠራተኞቹ አንድም አልሳቀም፤ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። "ለምን አልነገራችሁኝም?" ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ነግረውት ነበር።

"መብራቱ ይውረድ" አለ ቀስ ብሎ።

መብራቱ ወረደ፤ መብራቱ ሲወርድ ሳንቃው ወፈረ፤ ሳንቃው ሲወፍር ቀዳዳው ሰፋ፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ቧንቧው ወፈረ፤ ቧንቧው ሲወፍር ጎማው ቆመ፤ ጎማው ሲቆም ተጫዋቾቹ ተመለሱ።

ሂሳቡ ይኸው። ደብሪቱ ስምንት ጎማ አገኘች፣ የሃያ ቀን ገቢ አጣች። መሸሻ ስድስት ሺውን መለሰ፣ ሠራተኞቹን ቀና ብሎ የሚያይበት ፊት ግን ለጊዜው አጣ። ከዚያ በፊት በየከተማው የሸጣቸው አሥራ አንድ የሚያበሩ ጆተኒዎች ዛሬም ሆድ ይወጋሉ። እነሱን ከኪሳራው ጋር ጻፉልኝ።