ከመሸ አይጠረግም

ፊታውራሪ አጎናፍር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መጥረጊያ ማየት አይወዱም ነበር። ማታ ቤት የጠረገ ሀብቱን ከቆሻሻው ጋር አብሮ ያወጣል ብለው አጥብቀው ያምናሉ፤ በዚሁ የተነሳ ሁለት ገረዶች አባረዋል።

ሦስተኛዋ ግን ምላሰኛ ነበረች። አንድ ቀን ግብር በልተው የወጡ እንግዶች ቤቱን በአጥንትና በፍርፋሪ ሞልተውት ሳለ፣ ልክ ሲመሽ የአውራጃው ገዥ ሊያድሩ እየመጡ ነው ተባለ። ፊታውራሪ ደነገጡ።

«ስሚ! ገዥው ሳይደርሱ ቤቱ ጥርት ብሎ ይጽዳ» አሏት። «ግን አንዲት ፍርፋሪ ከደጄ ብትወጣ፣ አንቺም አብረሻት ትወጫለሽ!» ብለው እንግዳቸውን ሊቀበሉ ሄዱ።

ሲመለሱ ቤቱ ተወልውሎ ያበራል። ገዥው አደነቁ። ፊታውራሪም ደረታቸውን ነፍተው፣ «እርስዎማ በራሴ አልጋ ላይ ነው የሚያርፉት» እያሉ የእልፍኙን በር ከፈቱ። አልጋው ላይ፣ በነጩ ጋቢ መሐል፣ የአጥንትና የፍርፋሪ ክምር ተቆልሏል።

«ምንድን ነው ይሄ?» ብለው ጮኹ።

«ሀብትዎ ነዋ ጌታዬ» አለች ገረዲቱ እጅ ነስታ። «በየጥጋጥጉ ተበትኖ አገኘሁትና፣ እንዳይወጣብዎ አንድም ሳላስቀር እዚህ ሰበሰብኩልዎት።»

ገዥው ሳቃቸው አመለጣቸው። ፊታውራሪ ግን በቁጣ ጦፈው፣ «አሁኑኑ ጠርገሽ አውጪልኝ!» አሉ።

ገረዲቱ በመስኮቱ ወደ ጨለማው አየት አደረገችና፣ «ኧረ ጌታዬ፣ መሽቷል እኮ!» አለች።