ለብቻው የሚበላው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ቆዳ ፋብሪካ የሚሠራ። ሥራው ጥሬ ቆዳ ኖራ ካለበት ውኃ እያወጣ ፀጉሩን መፋቅ ነው። ጓንቱ ተቀደደና አለቃውን ሌላ ቢጠይቅ፣ እስኪመጣ ታገሥ ተባለ። ታገሠ። ኖራው ግን አልታገሠውም። እጁ ተላጠ፣ ተሰነጣጠቀ፣ ቆሰለ።

ምሳ ከጓደኞቹ ጋር ከአንድ ሳህን ነበር የሚበላው። እጁን ባዩ ጊዜ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ በሽታው እንዳይጋባባቸው ለብቻው ቢበላ እንደሚሻል በለሆሳስ ነገረው። ሸዋንግዛው፣ ስሙ ይህ ነው፣ አልተከራከረም። ምሳ ዕቃውን አንሥቶ ከፋብሪካው ግንብ ሥር ለብቻው ተቀመጠ።

ወገኖቼ፣ የቱ ይበልጥ ያመዋል? ቁስሉ ነው ወይስ ያ ግንብ?

አንድ ቀን የሚፍቅበት ቢላዋ ጣቱን አቆሰለው። በጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ቀጠለ። ለማን ያሳየዋል? ማንስ ያይለታል?

የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ የሺመቤት ግን አላስቻላቸውም። ምሳቸውን ይዘው መጡና አጠገቡ ቁጭ አሉ። እንዳይጋባባቸው ራቅ እንዲሉ ቢለምናቸው፣ «ልጄ፣ አንተን እንዲህ እያየሁ እህል አይወርድልኝም» አሉት።

ሊያጎርሱት እጃቸውን ሲዘረጉ የፊቱ ትኩሳት ፈጃቸው። እጅጌውን ሰበሰቡት። ከጣቱ የተነሣ ቀይ መስመር ክንዱን ይዞ ወጥቷል፤ ብብቱ ሥር ንፍፊት አብጧል። አለቃ አላስፈቀዱም። ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዱት።

ጣቱን ማዳን አልተቻለም፤ ተቆረጠ። እጁና ነፍሱ ግን ተረፉ። ሐኪሙ፣ ቆዳውን ያቆሰለው ኖራው እንጂ ተላላፊ በሽታ እንዳልሆነ ነገራቸው።

ጓደኞቹ ሊጠይቁት ቤቱ መጡ። ያ ለብቻህ ብላ ያለው ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ «እንዲህ መጎዳትህን አላየንም እኮ» አለ።

«እንዴት ታያላችሁ? ሩቅ ነበራችሁ» አለው ሸዋንግዛው።

ወገኖቼ፣ አልዋሹም። በእርግጥ አላዩም። ሰውን ገፍተን አርቀን፣ መታመሙን በምን እናውቃለን?

እናንተስ ማንን ፈቀቅ በል አላችሁ? በሥራ ቦታ፣ በዕድር፣ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ላይ? አሠሪ የሆናችሁ፣ ታገሥ ያላችሁት ሰው እጁ ዛሬ እንዴት ነው? አይታችሁታል?

ይህን ስናገር የአንድ ሰው ፊት ድቅን ያለባችሁ አላችሁ። አውቃለሁ፣ ልትጸልዩለት አስባችኋል። ጸልዩለት። ግን መጀመሪያ ሂዱለት።