ልጅ ሳይቆጥር የቆጠረው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ እንዳንቺው መጽሐፍ ወዳድ፣ እንዳንቺው ደብዳቤ ጸሐፊ። «የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ችግር ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነው፤ ለጋሾቹ ለምን ዝም ይሉናል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ፣ ትርሲት ልጄ? እንግዲያው ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ።

ይህ ሰው ጡረታ የወጣ መምህር ነው። በአንዲት የገበያ ከተማ የንባብ ቤት ይጠብቃል። ቤቱን የሰጠው ዕድሩ ነው፤ መጽሐፉን ሰው ከየቤቱ አዋጣው። ወንበሩም ልጁም ሞልቶ ነበር፤ ጣሪያው ግን እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። የዕድሩ ዳኛ ቁርጡን ነገረው፦ «ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ካልታደሰ፣ መጽሐፉን ለየሰጪው መልስ። ሲበሰብስ ቆመን አናይም፤ ቤቱን እንዘጋለን።»

ሰውየው እንቅልፍ አጣ። ለለጋሾች ይጽፍ ጀመር። ጽሑፉ ያምራል፤ ጥፋቱም ማማሩ ነው። «የዕውቀት ጥማት ያቃጠላቸው፣ እንደ ሰማይ ኮከብ የበዙ ሕፃናት» ይላል። ከዚያ መጽሐፍም ስጡን፣ መብራትም ስጡን፣ ኮምፒውተርም ስጡን እያለ ይወርድና ጣሪያውን ስምንተኛ ላይ ያነሣዋል። ልጆቹ ስንት እንደሆኑ ግን አይጽፍም። አያውቀውማ። በዚያ አገር ልጅና ከብት አይቆጠርም፤ የቆጠሩት ይጎድላል ይባላል። አንድ ቀን ደፍሮ በጣቱ እየጠቆመ አንድ፣ ሁለት ማለት ቢጀምር፣ አንዲት እናት ከደጅ አየችው። «መምህር፣ የእኔን ልጅ ከጣትዎ ያውጡልኝ» አለችና የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ጣቱን ኪሱ ከተተ።

ደብዳቤውን ደግሞ ስሙን ለሰማው ሁሉ ይልካል። ጉድጓድ ለሚቆፍር ይልካል፤ ከብት ለሚያስከትብ ይልካል። ከሁሉም የመለሰለት ከብት አስከታቢው ብቻ ነው። እሱም «ስንት ላም አላችሁ?» ነው ያለው።

ከንባብ ቤቱ ፊት ለፊት እህል የምትሸጥ አንዲት ባልቴት ነበረች። ፊደል የሚባል አታውቅም፤ ምላሷን ግን የሚስተካከል አልነበረም። ሰውየው መልሱን ይዞ ደጃፉ ላይ ተክዞ ሲቀመጥ አይታ ጠራችው። ነገራት። ሳቋን እስክትጨርስ ጠበቃት።

«አንተ መምህር» አለችው፣ «ጤፍ አለኝ፣ ብዙ ነው፣ ያምራል ብልህ፣ ሳልሰፍርልህ ትገዛኛለህ?»

«ኧረ አልገዛም እትዬ።»

«ታዲያ ሩቅ አገር የተቀመጠ ሰው ያልተሰፈረ ችግርህን ለምን ይገዛሃል? ደግሞስ ጤፍ ፈላጊ በግ ተራ ምን ይሠራል?»

«ልጅ እንዴት ይሰፈራል? እናቶቹ ዓይኔን ያወጡታል።»

«እኔም አብሬ አወጣዋለሁ። ልጅ ቁጠር ማን አለህ?»

ተነሣች። ከሱቋ አንድ ማሰሮና አንድ ሰፌድ ሽምብራ አምጥታ ከንባብ ቤቱ በር ላይ አኖረች። «የገባ ልጅ ሁሉ ከሰፌዱ አንድ ያንሣና ማሰሮው ውስጥ ይጣል። ስትዘጋ የምትቆጥረው ሽምብራውን ነው። ሽምብራ ቡዳ አይበላውም።»

ያን ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ዋለ። ሲዘጋ ማሰሮውን ቢገለብጠው አራት ሽምብራ ወጣ። ለካ ያመጣችው የተቆላውን ኖሯል፤ ቡዳ የማይበላውን ልጆቹ በልተውታል። ባልቴቷ አላፈረችም። «ይኸውልህ፣ መራባቸውን ደግሞ በነፃ አወቅህ» ብላ በማግስቱ ጥሬውን አመጣች።

እናቶቹም ሳቁና ልጆቻቸውን ላኩ። ሰውየው ሁለት ወር ሙሉ ሽምብራውን እየቆጠረ በደብተር ጻፈ። በደረቅ ቀን ስልሳም ሰባም ይወጣል። የበልግ ዝናብ በጣለ ቀን ግን ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ባዶ። ደብተሩን ትክ ብሎ አየው። ልጆቹን ከንባብ የሚያስቀራቸው ያ ስምንተኛ ላይ የጣለው ጣሪያ ነው።

ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደ። ሁለት ነገር ጠየቀ፦ የከተማውን ተማሪ ቁጥርና የትኛው ድርጅት ለምን ጉዳይ እንደሚሰጥ የሚያሳየውን ዝርዝር። የመዝገብ ቤቱ ልጅ አቧራውን እፍ ብሎ ሰጠው። «መምህር፣ ይህን ለማየት ብለው የመጡ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አለው። ዝርዝሩን ቢያገላብጥ ለንባብ ቤት እድሳት የሚሰጥ አንድ ድርጅት አገኘ። አንድ።

ለእሱ ብቻ ጻፈ፤ ግማሽ ገጽ። «በከተማችን ሦስት ትምህርት ቤትና ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ተማሪ አለ፤ የንባብ ቤት ግን አንድ ብቻ። በደረቅ ቀን ስልሳ አምስት ልጅ ይመጣል፤ በዝናብ ቀን ሁለት። ጣሪያ ስጡን።» ኮከብ የለበት፣ ጥማት የለበት።

በሦስተኛው ሳምንት ከድርጅቱ አንዲት ሴት መጣች። በሩ ላይ አንዲት ሕፃን እጇን ዘርግታ አስቆመቻት። «ሳይጥሉ አይገቡም» አለቻት። ሴትዮዋ አንዷን አንሥታ ጣለች፤ ገብታም እስኪዘጋ ተቀመጠች። ማሰሮውን ራሷ ገልብጣ ራሷ ቆጠረች፤ ከደብተሩ ጋር አስተያየችው፤ ከዚያም ጣሪያውን ቀና ብላ አየች።

ቆርቆሮው በግንቦት መጨረሻ ደረሰ። ሲመታ የሰፈሩ ሴት እልል እያለ ሚስማር አቀበለ። ሰኔ ሲገባ የመጀመሪያው ዶፍ ወረደ። የአዲሱ ቆርቆሮ ጩኸት ሰውን ከሰው አያሰማማም፤ ልጆቹ ግን ከዝናቡ በላይ እየጮኹ ያነቡ ነበር። ባልቴቷም ሱቋን ዘግታ ነጠላዋን ተከናንባ እየሮጠች ገባች፤ እሷም አንድ ጣለች። ያን ቀን ሰባ ስምንት ሆነ። ሰውየው ሁለቴ ቆጠረው፤ መጀመሪያ ለደብተሩ፣ ቀጥሎ ለደስታው።

አየሽ ትርሲት፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ፤ ያ ቤትም የእናንተ ቤት ነው። ለጋሽ ዝም ያለሽ ልቡ ደንድኖ አይደለም። አልቅሰሽ የጻፍሽው ደብዳቤ የነገረው የአንቺን ሐዘን ነው፤ ስለ ልጆቹ ምን ነገረው? ማልቀስ ተቀምጦም ይቻላል፤ ማወቅ ግን ያስኬዳል፤ እግር ደግሞ አለሽ። ሂጂና ለእናንተ ዓይነቱ ቤት የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ ጠይቂ፤ የትምህርት ቤቱን መዝገብ አስከፍቺ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ልጆቹን እወዳቸዋለሁ ካልሽ፣ ዛሬ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ለምን እንደቀረ እወቂ። እሱን ያወቅሽ ዕለት ደብዳቤሽ ያጥራል፤ መልሱም ይመጣል።