ከባለቤቱ የተደበቀ በሽታ

በአንድ ወቅት አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ብር የተገመተ ወፍጮ ቤት ለአንድ ሰው ትንፋሽ ዋጋ ሆኖ ቀረበ። ባለወፍጮው አቶ ብርቅነህ ይባላሉ። እህል ሲቀምሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ በልተው ጋደም ካሉማ ደረታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ያጉረመርማል። ጤና ጣቢያ የሰጣቸውን የሳንባ መድኃኒት ወስደው ቢጨርሱም ለውጥ አላገኙም። ሲብስባቸው ሚስት የሞተችባቸው አባት ሦስት ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ «ከዚህ ስቃይ ያወጣኝ ወፍጮ ቤቱን ይውሰድ» አሉ።

የመጀመሪያው ልጅ ሽብሩ የምትታለብ ላሙን ሸጦ አባቱን ወደ ትልቁ ከተማ ወሰደና ሲቲ ስካን አስነሣቸው። ውጤቱ ሲወጣ ሐኪሙ ታማሚውን ውጭ አስቀምጦ ልጁን ብቻ አስገባ። ልማዱ ይኸው ነው፤ ክፉ ውጤት ለቤተሰብ እንጂ ለባለቤቱ አይነገርም።

«ደረታቸው ውስጥ ዕጢ ይታያል። ካንሰር ሳይሆን አይቀርም» አለው።

ሽብሩ ዓይኑን ጠርጎ ወጣና፣ «አባባ፣ ብርድ ነው አሉ» አለ። ምስሉ ያለበትን ሲዲ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት። እህቱንና ወንድሙንም እንዳይናገሩ በእናታቸው አጥንት አስማላቸው። ለእድሩ ዳኛ ግን በጆሮው ሹክ አለው፤ ቀኑ ሲደርስ አባቱ እንዳይዋረዱ ብሎ።

ሁለተኛዋ ልጅ አስካለ ወንድሟ ገበያ በወጣበት ሳጥኑን ሰበረች። ሲዲውን ይዛ አዲስ አበባ ወረደችና ለአንዲት የራዲዮሎጂ ሐኪም አሳየች። ሐኪሟ ምስሉን ከፊት አየችው፤ ከዚያ በጎን አዙራ ደጋግማ አየችው።

«ዕጢ አልመሰለኝም። ከሆድ ወደ ደረት የወጣ ነገር ይመስላል፤ ብዙም አያጋጥምም። አባትሽ ወድቀው ያውቃሉ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«እስቲ ራሳቸውን ጠይቂያቸው።»

«አይጠየቁማ ዶክተር፤ ምለናል እኮ።»

«እንግዲያው የማንን ደረት ነው የማየው?» አለቻት ሐኪሟ።

አስካለ ወደ ቤት ተመለሰች። ተስፋ ሰጥቼ ባይሳካስ ብላ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ሦስተኛው ልጅ ምትኩ ከአባቱ ጋር ወፍጮ ቤት ይውላል። መሐላውን ጠብቆ ከአባቱ ጋር እየበላ፣ እየሳቀ ዝም ብሎ ከረመ። አንድ ቀን ጤፍ ልታስፈጭ የመጣች ሴትዮ ምሬቷን ጀመረች፤

«ለልጄ ሠርግ የእድሩን ድንኳን ከለከሉኝ። ሰው ሊሞት ነው ተብሎ ሠርግ ይቀራል?»

አቶ ብርቅነህ ሳቁ። «ማነው እሱ ድንኳን አስይዞ የሚሞተው?»

ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባት ዞረው ልጃቸውን አዩት። ምትኩ ያን ጊዜ መሐላውን አፈረሰ።

«አባባ፣ አንተ ነህ። ካንሰር ነው ብለዋል።»

አቶ ብርቅነህ ወፍጮውን አጥፍተው ወደ ቤት ገቡ፤ ልጆቹንም ጠሯቸው።

«በሽታዬን እድሩ ያውቃል፣ ሠርገኛው ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ? ከአይሱዙ ጭነት ላይ የወደቅኩ ለታ በዚህ ዕድሜህ ምን ያንጠላጥልሃል እንዳትሉኝ ብዬ ደበቅኳችሁ። አንዳችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ፣ የታመምኩት ከዚያ ወዲህ ነው እላችሁ ነበር!»

አስካለ ብድግ አለች። «ወድቀሃል? ሐኪሟ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው!»

በማግስቱ ወደ ሐኪሟ ይዘዋቸው ሄዱ። ሁለተኛውን ሲቲ ስካን ከመነሣታቸው በፊት ምስል ላይ የሚያበራ መድኃኒት አጠጧቸው። ሆድ ውስጥ መታየት የነበረበት መድኃኒት ደረታቸው ውስጥ፣ ከልባቸው አጠገብ አበራ። ሆድን ከደረት የሚለየው ሥጋ በውድቀቱ ተቀዶ ጨጓራቸው ወደ ላይ ሾልኮ ኖሯል። ቀዶ ሐኪሞች ጨጓራውን ወደ ቦታው መልሰው ቀዳዳውን ሰፉት።

አባት ሲድኑ ልጆቹ የወፍጮ ቤቱን ነገር አነሡ።

«ላሜን ሸጬ ባላስነሣህ ምን ይታይ ነበር?» አለ ሽብሩ።

«ምን ዋጋ አለው፣ ቆልፈህበት!» አለች አስካለ። «እኔ ባላወጣው ከነሳጥንህ ይቀበር ነበር።»

«እኔ ባልናገር አባባ ስለ መውደቁ ያነሣ ነበር?» አለ ምትኩ።

አቶ ብርቅነህ ሁሉንም በየተራ አዩአቸው። «አንተ ዋሸኸኝ፤ ለእድር ስትናገር ግን አላፈርክም። አንቺ ተስፋዬን ደብቀሽ ፊቴ ተቀመጥሽ። አንተ ደግሞ ስትስቅልኝ ከርመህ፣ በመጨረሻ የተናገርከውም ስህተት ሆነ።»

እንግዲህ ሂሳቡ ይኸውላችሁ። አቶ ብርቅነህ ትንፋሻቸውን አትርፈዋል፤ ጠግበው በልተው በጀርባቸው ይተኛሉ። የከሰሩት በልጆቻቸው ቃል ማመንን ነው። ከሐኪም ወረቀት በተቀበሉ ቁጥር ልጆቻቸውን አልፈው መናኸሪያ ይሄዱና በማያውቁት መንገደኛ ያስነብባሉ። ወፍጮ ቤቱን እስከ ዛሬ ለማንም አልሰጡም፤ ቃል የገባ አባት ደግሞ መስጠቱ አይቀርም። ከፍሎ ከዋሸው፣ ሰብራ ዝም ካለችው፣ ምሎ ከከዳው፦ ወፍጮ ቤቱ የሚገባው ለማን ነው?