ሻርክ የተኛበት መልህቅ

ትዕግሥት ያለው ይስማ፤ አዋላጇ መዲና ግን ትዕግሥቷ አልቋል። ልጇ ከድጃ ቀይ ባሕር መካከል ባለች ደሴት ላይ የመጀመሪያ ምጧ ይዟታል፤ መዲና የፈለገችው በዓሣ አጥማጁ በሐንፈሬ ጀልባ ቶሎ መድረስ ብቻ ነበር። ሐንፈሬ ሆዬ "ወላድ ቤት በባዶ እጅ አይገባም፤ አንድ ዓሣ ብቻ ልያዝ" ብሎ መልህቁን ጣለ። መልህቁም ከድንጋይ ሥር ገብቶ ቀረ።

"ገመዱን ቁረጠው!"

"የአባቴን መልህቅ? አይሆንም፣ እማማ" አለና ይጎትት ጀመር።

መዲና ወደ ውኃው አሰገገች። "መልህቅ፣ ውጣ! ጀልባዋ አትሄድም፣ ከድጃ ብቻዋን ታምጣለች!"

"እዚህ ድንጋይ ሥር ሻርክ ተኝቶብኛል" አለ መልህቁ። "ሦስት ሜትር ሙሉ።"

"አንተ ሻርክ፣ ተነሥ! መልህቁ አይወጣም፣ ጀልባዋ አትሄድም፣ ከድጃ ብቻዋን ታምጣለች!"

"እኔ የማድነው ሲመሽ ነው፤ ቀን እተኛለሁ። ደግሞ የምተነፍስበትን ስንጥቤን ቅማል ወሮታል። ቅማል ለቃሚዋ ትንሿ ዓሣ ሳትለቅምልኝ ንቅንቅ አልልም።"

ወይ ጣጣ! "አንቺ ትንሽ ዓሣ፣ ልቀሚለት! ሻርኩ አይነሣም፣ መልህቁ አይወጣም፣ ጀልባዋ አትሄድም፣ ከድጃ ብቻዋን ታምጣለች!"

"ጭቃው ጋርዶኛል። ሻርኩ በጨለማም ምግቡን አሽትቶ ያገኛል፤ እኔ የምሠራው በዓይኔ ነው።"

"አንተ ጭቃ፣ ተቀመጥ! ትንሿ ዓሣ አትለቅምም፣ ሻርኩ አይነሣም፣ መልህቁ አይወጣም፣ ጀልባዋ አትሄድም፣ ከድጃ ብቻዋን ታምጣለች!"

"ልቀመጥ ስል ገመዱ ያስነሣኛል።"

"ኧረ በአላህ! አንተ ገመድ፣ ተው! ጭቃው አይቀመጥም፣ ትንሿ ዓሣ አትለቅምም፣ ሻርኩ አይነሣም፣ መልህቁ አይወጣም፣ ጀልባዋ አትሄድም፣ ከድጃ..." ትንፋሽ አጠራት።

"እኔ ምን አደረግሁ? የሚጎትተኝን ጠይቂ" አለ ገመዱ።

መዲና ቀና አለች። ሐንፈሬ ላብ በላብ ሆኖ ይጎትታል፣ ይጎትታል።

"ለካ አንተ ነህ! ልቀቅ! እጅህን ሰብስበህ ቁጭ በል!"

ፊቷን አየና ገመዱን ለቆ ቁጭ አለ።

ገመዱ ረገበ፣ ጭቃው ተቀመጠ፣ ትንሿ ዓሣ ስንጥቡ ውስጥ ገብታ ለቀመች፣ ሻርኩ ጅራቱን እየወዘወዘ ተነሣ፣ መልህቁ ወጣ፣ ጀልባዋም ሄደች።

ከድጃ "የት ቀረሽ፣ እናቴ!" እያለች ስትጮኽ መዲና ደርሳ እጇን ታጠበች። "መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ።" ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት ልጅ እጇ ላይ አረፈች፤ መዲናም አቅፋት በደስታ አለቀሰች።

ሐንፈሬ ከውጭ "ምን ላግዝ፣ እማማ?" አለ።

"ምንም! ምንም እንዳትነካ!" አለችው።