ጅብ ያስተረፈው ሾላ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦና ቀበሮ ከወንዝ ማዶ ወዳለው የዝንጀሮዎች አገር ለግብዣ ተጠሩ። በጅብ አገር አንዲት አጥንት እንኳ ያስተረፈ እንግዳ ጋባዡን እንደ ሰደበ ይቆጠራል። አያ ጅቦ ይህን እያሰበ መንገድ ላይ ቀበሮን ጠየቀው።

«አንተ እዚያ ደጋግመህ በልተሃል። የአበላል ወጋቸው እንዴት ነው?»

ቀበሮ ሳቁን በጢሙ ደብቆ፣ «እንደ አገርህ ብላ!» አለው።

የዝንጀሮዎቹ አለቃ ባላምባራስ ገመሬ ለእያንዳንዳቸው ሾላ የሞላ ገበቴ አቀረቡ። ቀበሮ በላ በላና አንዲት ፍሬ አስቀርቶ አፉን ጠረገ። አያ ጅቦ ግን ገበቴውን ልሶ መለሰ።

«እንግዳችን አልጠገበም! ጨምሩለት!» አሉ ባላምባራስ።

«እንዴት ያለ የተባረከ አገር ነው!» አለ ጅብ በልቡ። ሁለተኛውን ላሰ፤ ሦስተኛውንም ላሰ። ስድስተኛው ላይ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሰባተኛው ላይ ዓይኑ ፈጠጠ።

ጓዳ ውስጥም ጭንቅ ነበር። በዝንጀሮዎች ሕግ እንግዳውን ሳያጠግብ የሸኘ አለቃ ከሹመቱ ይወርዳል፤ ለክረምት ከተቀመጠው ሾላ ደግሞ የቀረው አንድ እንቅብ ብቻ ነው። ባላምባራስ እሱኑ ራሳቸው ተሸክመው ወጡ። አያ ጅቦ ሲያያቸው እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ባላምባራስ፣ ስለ ልጆችዎ ይማሩኝ! አሁን ከጨመሩልኝ እፈነዳለሁ!»

«ታዲያ ለምን ትጨርሰዋለህ?»

«ስለሚጨምሩልኝ ነዋ! ማስተረፍ ስድብ አይደል?»

«እኛ አገርማ ስድቡ መጨረስ ነው! ባዶ ገበቴ ‹ገና አልጠገብኩም› ማለት ነው። የጠገበ አንዲት ፍሬ ያስቀራል።»

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ ገደሉ እስኪያስተጋባ ድረስ ሳቁ። «ኧረ አታስቁኝ፣ እፈነዳለሁ!» ይላል አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ።

ባላምባራስ ወደ ቀበሮ ዞሩ። «እያወቅህ ዝም ብለሃልና፣ ወደ ቤቱ ስትመለሱ ዳገቱን ከኋላ እየገፋህ ታወጣዋለህ!» ብለው ፈረዱበት።

አያ ጅቦም ከእንቅቡ አንዲት ሾላ አነሣ። አሸተታት። ከንፈሩን ላሰ። ግራ ቀኙን አየና ቀስ አድርጎ ገበቴው ላይ አስቀመጣት። ጅብ ከተፈጠረ ጀምሮ ምግብ አስተርፎ ከገበታ ሲነሣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር፤ ዝንጀሮዎቹ በእልልታ አገሩን አናወጡት።

ከዚህ የምንማረው ሰው አገር ስንሄድ ከመጉረሳችን በፊት ወጉን መጠየቅ እንደሚገባን፣ የምንጠይቀውም ባለቤቱን እንጂ ቀበሮን እንዳልሆነ ነው።